ጉግል ኧርዝ ፕሮ የተቀበረ ቅጥር ለመፈለግ፦ በሰሜን ሸዋ ማሳ ላይ ሲመዘን

ምድርን በሳተላይት ምስል የሚያሳየው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ጉግል ኧርዝ ፕሮ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 መጀመሪያ ድረስ በዓመት 399 ዶላር ይከፈልበት ነበር፤ ዛሬ በነጻ ይወርዳል። አብዛኛው ሰው የቤቱን ጣሪያ ፈልጎ ካገኘ በኋላ ይዘጋዋል። እኛ እዚህ የምንመዝነው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ከመሬት በላይ ምንም የማይታይበትን ጥንታዊ ቅጥር ከሰብሉ ቀለም ለይቶ ለማግኘት። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለፍለጋ በነጻ ከሚገኙት መሣሪያዎች ይህን የሚያህል አላየንም። ነገር ግን ሲከፈት የሚያሳየው የመጀመሪያ ምስል ለዚህ ሥራ እምብዛም አይረባም። ቁም ነገሩ ያለው የድሮ ምስሎችን በሚያወጣው የሰዓት ምልክት ውስጥ ነው፤ እሱን ሳይነኩ «አገኘሁ» ማለት አይቻልም።

የሰብል ምልክት የሚባለው ነገር አሠራሩ ቀላል ነው። በቅጥር ዙሪያ የተቆፈረ ጉድባ በዘመን ብዛት ሲሞላ የሚገባበት አፈር ከዳርና ዳሩ የላላ፣ ብስባሽ የበዛበት ይሆናል። ዝናቡ ሲያቆም እዚያ ውስጥ እርጥበት ይቆያል። የገብስ ሥር አፈሩ ከፈቀደለት ከ1 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ጉድባው ላይ የበቀለው ከጎረቤቱ ይረዝማል፤ ሌላው ሲነጣም እሱ እሸት እንደሆነ ይቆያል። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ካለ ነገሩ ይገለበጣል፤ አጭር፣ ስስ፣ ቀድሞ የሚደርቅ መስመር ይወጣል። አረንጓዴ መስመር ጉድባ፣ ቢጫ መስመር ካብ ብሎ መጀመር ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ሰብሉ ውሃ ሲጠማው ብቻ ነው። ውሃ የጠገበ ማሳ ከሥሩ ያለውን አያሳይም።

ዓይን የሚለመድበት ቦታ አገር ቤት አይደለም። ይህን ጥበብ ያሳደጉት እንግሊዞች ናቸው፤ መማሪያ የሚሆነውም የሮማውያን ቅጥር ነው፤ ምክንያቱም መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ኖርፎክ ውስጥ ኬስተር ሴንት ኤድመንድ አጠገብ ቬንታ ኢኬኖሩም የተባለች የሮማውያን ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1928 ደረቅ በጋ ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ የጎዳናዎቿን ፍርግርግ ማሳው ላይ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ሲልቼስተርም እንዲሁ ነው፤ ከ40 ሄክታር በላይ የሚከብበው ግንቧ ዛሬም ቆሟል፤ በደረቅ ዓመት ሣሩ ሲጠወልግ የውስጥ መንገዶቿ መስመር ሆነው ይወጣሉ። ሁለቱን ቦታዎች በፕሮግራሙ ክፈቱና በጊዜ ማንሸራተቻው የጁንንና የጁላይን ምስሎች እያገላበጡ እዩ። አንዱ ዓመት ላይ ከተማው አለ፤ ሌላው ላይ ባዶ ማሳ ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ድርቅ በብሪታንያና በአየርላንድ ብዙ ያልታወቁ ቅጥሮችን ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሮማውያን ቅጥር የሚቀሰመው መለያም የተወሰነ ነው። ምሽጎቻቸው የመጫወቻ ካርታ ቅርጽ አላቸው፤ ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ ማዕዘናቸው የተሞረደ፣ መግቢያቸው ጉድባው የሚቋረጥበት ክፍተት ነው። የረዳት ጦር ምሽግ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2.5 ሄክታር ይሆናል። የገበሬ ቅጥሮቹ ያነሱና የተንጋደዱ ናቸው፤ ከጎናቸው ግራና ቀኙ በጉድባ የታጠረ የከብት መንገድ ሊኖር ይችላል። ባለሙያ ምንም ሳይቆፈር «ሮማዊ ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚጽፈው ቅርጹን፣ መጠኑን፣ መግቢያውንና ከመንገድ ጋር ያለውን ዝምድና አንድ ላይ አይቶ ነው። «ሊሆን ይችላል» የምትለዋ ቃል መውጣት የለባትም።

ሮማውያን ሸዋን አልረገጡም። ስለዚህ የቅርጹ መለያ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ዋጋው ይገለበጣል። ሰሜን ሸዋ ላይ ጎኑ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ካያችሁ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የጥንቱ እዚህ ክብ፣ ሞላላ ወይም የኮረብታውን ቅርጽ የተከተለ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አስተካክሉ። በአማራጮች ገጽ ውስጥ ስትጠጉ ምስሉን በራሱ የሚያጋድለውን ቅንብር አጥፉ፤ የተጋደለ ምስል ክቡን ሞላላ ያደርገዋል። የመሬቱን ከፍታ ማጋነኛ 1 ላይ ተዉት። የቦታ መጠቆሚያውን ቦታን በሜትር ወደሚጠቁመው ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ቀይሩት፤ ዞኑ 37 ሰሜን ነው። ምስሉ ቢዞርባችሁ የአር (R) ቁልፍ ወደ ሰሜንና ወደ ቁልቁል እይታ ይመልሰዋል። መሥመር መለኪያው አስተማማኝ ነው፤ የጉድባ ስፋት ለመለካት ግን ከፒክስሉ በታች አትውረዱ። ጥሩ የሚባለው ምስል አንድ ፒክስሉ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 1 ሜትር የሚሰፋ ጉድባ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በዚህ መጠን «1.3 ሜትር» ብሎ መጻፍ ፌዝ ነው።

ከታች በኩል የሚታየውን የምስል ቀን ሁልጊዜ መዝግቡ፤ ግን በጭፍን አትመኑት። ቀኑ የሚነግራችሁ ስለ ስክሪኑ መሐል ነው። ምስሎቹ የተሰፉ ስለሆኑ ጠርዝ ላይ ያለው ማሳ በሌላ ወር የተነሳ ሊሆን ይችላል። በድሮዎቹ ዓመታት ዲሴምበር 30 ወይም 31 የሚል ቀን ካያችሁ ደግሞ ላንድሳት በተባሉት ሳተላይቶች የተነሳ፣ ዝርዝር የማይታይበት የዓመቱ ቅይጥ ምስል ነው፤ ለእኛ ሥራ አይሆንም። የተለያዩ ዓመታት ምስሎች በትክክል አንዱ በአንዱ ላይ አይቀመጡም። በተለይ ከጣርማ በር ወደ ታች ባለው ተዳፋት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም የማይነቃነቅ የአለት ማዕዘን መርጣችሁ በየዓመቱ ልዩነቱን ለኩ፤ ምልክቱ «ቦታ ቀየረ» ከማለታችሁ በፊት ምስሉ መንሸራተቱን ታውቃላችሁ።

ወሩ ከሁሉም በላይ ይወስናል። ክረምቱን ደመና ይሸፍነዋል፤ ያለው ምስል ባብዛኛው የበጋ ሆኖ ማሳው ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ ይታያል። ለመኸር ገብስና ስንዴ የሚፈለገው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ነው፤ በፕሮግራሙ አቆጣጠር ኦክቶበርና የኖቬምበር መጀመሪያ። ዝናቡ ቆሞ፣ ሰብሉ ሊነጣ ሲል ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። የበልግ ገብስ በሚዘራበት በመንዝና በደጋው በኩል ግንቦትም መልካም ነው፤ እንዲያውም በልጉ ቀድሞ የተቋረጠበት ዓመት ከመኸሩ ይሻላል፤ ጥማቱ የበረታ ነውና። ጥርና የካቲት ላይ አዲስ የታረሰ መሬት ከተገኘ የሰብል ሳይሆን የአፈር ምልክት ይታያል፤ ጉድባው ጥቁር፣ የፈረሰው ካብ ነጣ ያለ ሆኖ። በሬ የሚጎትተው ማረሻ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይወርድ ከሥሩ ያለው ጉድባ በትራክተር ከሚታረስ አገር ይልቅ እዚህ ሳይነካ የመቆየት ዕድል አለው።

ሰብሉም ይለያያል። ገብስ አንደኛ፣ ስንዴ ይከተላል። ጤፍ ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ከሥር ያለውን እምብዛም አይናገርም፤ ምንጃር ላይ ወራት መፍጀት የማይመከረው ለዚህ ነው። ባቄላና አተርም ደካሞች ናቸው። አፈሩ ደግሞ ከሰብሉ ይብሳል። ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ሰብሉን ቶሎ አያስጠማውም፤ በበጋ ሲሰነጠቅም የራሱን መስመር ይሠራል። ሽምብራና ጓያ በዋልካ ቀሪ እርጥበት ላይ በሚዘራበት ቆላማ ዳር ምልክት ባታዩ «ምንም የለም» ብላችሁ አትደምድሙ። ቀላ ያለ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ፣ ከሥሩ ድንጋይ ያለበት መሬት ይሻላል።

የሚያሳስቱት ምልክቶች ግን ከእውነተኞቹ ይበዛሉ፤ የፕሮግራሙ ተጠቃሚ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። አውድማን እንውሰድ። ክብ ነው፣ ተረግጦ ጠንክሯል፣ ዳሩ ላይ ገለባና እበት ይቀራል። ከተተወ በኋላ መሐሉ ስስ፣ ዙሪያው ለምለም ሆኖ ጥንታዊ ክብ ጉድባ ይመስላል። የአውድማ ስፋት ጥቂት ሜትር ነው፤ አጠገቡም የገለባ ክምር የቆመበት ሌላ ነጥብ ይኖራል። ቅጥር ሲሆን ቢያንስ 20 እና 30 ሜትር ይሰፋል። በመሐል ያለው መጠን አስቸጋሪ ነው፤ የጉብታ መቃብሮች እዚያ ውስጥ ይወድቃሉና። ጉብታ ከሆነ በታረሰ መሬት ላይ የተበተነ ድንጋይ ነጣ ብሎ ይታያል፤ በሬዎቹም ዙረው ስለሚያርሱት የትልሙ አቅጣጫ ይታጠፋል። የትልሙን መታጠፍ የሚያክል ምስክር ከሰማይ አይገኝም።

የከብት በረት ሌላው ነው። ገበሬው በረቱን ከቦታ ቦታ ሲያዞር ፍግ የጠጣው መሬት ለዓመታት ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ መላው ክብ እኩል ለምልሞ መታየቱ ነው፤ ጉድባ ቢሆን ቀለበቱ ብቻ ነበር የሚለመልመው። ደጋው ላይ አፈር እየከመሩ የማጋየት ልማድ ባለበትም ማሳው በተራ በተራ ነጠብጣብ ይሞላል። ነጠብጣቦቹ በመስመር ሲቆሙ የምሰሶ ጉድጓድ ይመስላሉ፤ ግን የማሳው ድንበር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ያቆማሉ። ጥንታዊ ነገር የዛሬን ድንበር አያውቅም፤ ተሻግሮ ያልፋል። ይህን አንድ መመዘኛ ብቻ ብትይዙ እንኳ ግማሹን ስህተት ትቀንሳላችሁ።

እነዋሪ አካባቢ ስንዴ የሚዘራባቸው ሰፋፊ መደቦችና ቦዮቻቸው ማሳውን በጭረት ይሞሉታል፤ ከነሱ መሐል ቅጥር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ መስመርም አለ፤ ዛፉ እርጥበቱን መጥጦ፣ ጉቶው ከሥር ቀርቶ፣ ሰብሉ ቢጫና አጭር ይሆናል። ልክ የድንጋይ ግንብ መሠረት ይመስላል። መፍትሔው ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ዛፎቹ ቆመው ይታያሉ። ውርጭም ረባዳውን መርጦ ይመታና ሜዳው ላይ ነጭ ጥፍጥፍ ይተዋል፤ ይህ ግን ጠርዙ የደበዘዘ ስለሆነ ብዙ አያታልልም።

ከሁሉም የሚከፋው የድንበር ፍርስራሽ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅና በ1989 በአማራ ክልል በተካሄደው ሽግሽግ የማሳ ድንበር ብዙ ቦታ ተቀይሯል። ለዘመናት ያልታረሰ የድንበር ሣር ሲታረስ የተለየ አፈር ትቶ ያልፋል፤ ለዓመታት መስመር ሆኖ ይወጣል። ከ1977 ጀምሮ የተካሄደው የመንደር ምሥረታም በገመድ የተለካ ፍርግርግ ተክሎ ነበር፤ መንደሩ ሲፈርስ ቀጥ ያሉት መስመሮች ማሳው ውስጥ ቀሩ። የሮማውያንን አራት ማዕዘን ለምዶ የመጣ ዓይን የሚያፈቅረው እነዚህን ነው። በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ግራና ቀኝ ከሆነ ደግሞ የጣሊያን ዘመን ምሽግ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። እሱ እውነተኛ ቅጥር ነው፣ እውነተኛ ጉድባም አለው፤ ዕድሜው ግን መቶ ዓመት አልሞላም።

ይህን ለመለየት ጉግል ብቻውን አይበቃም፤ የፕሮግራሙ ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው። ጥራት ያለው የአካባቢው ምስል ካለፉት ሃያ ጥቂት ዓመታት ወዲህ ያለው ነው። ቀዳሚውን ለማየት የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ኮሮና ያነሳቸው ፊልሞች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 የተነሱና በ1995 ምስጢርነታቸው የተነሳ። የኋለኞቹ ካሜራዎች 2 ሜትር ገደማ ያለ ነገር ይለያሉ። ገና ያልተቃኘ አንድ ፊልም በ30 ዶላር ያስቃኙታል፤ ቀድሞ የተቃኘው በነጻ ይወርዳል። የአገር ውስጡ የአየር ፎቶግራፍ ክምችት በኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው፤ በተከታታይ የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ስቴሪዮስኮፕ በተባለው መነጽር ማየት ከፍታን ስለሚሰጥ ከማንኛውም ሳተላይት ምስል ይበልጣል። ኮሮናው ላይ መስመሩ የማሳ ድንበር ሆኖ ከታየ ጉዳዩ ተዘጋ። ያኔም ምልክት ሆኖ ከታየ ልብ መምታት ይጀምራል።

ሴንቲነል ሁለት የተባሉትን የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል የሚመክሩ አሉ። በየ5 ቀኑ ይመጣል፣ ነጻ ነው፣ ለዓይን የማይታየውን ቀይ ጨረርም ይይዛል። ግን ፒክስሉ 10 ሜትር ነው፤ የ3 ሜትር ጉድባ በውስጡ ጠፍቶ ይቀራል። የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፤ የትኛው ዓመት ላይ፣ በየትኛው ሳምንት ሰብሉ እንደተጠማ ያሳያል። ያንን ሳምንት ይዛችሁ ጉግል ላይ ወይም ኢስሪ ዌይባክ ላይ ቅርብ ቀን ያለው ጥሩ ምስል ፈልጉ። ዌይባክ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የነበሩትን የምስል ስሪቶች ያስቀምጣል፤ ጉግል ላይ የሌለ ቀን አንዳንዴ እዚያ ይገኛል።

ሌላው ጉድለት ጉግል ኧርዝ ፕሮ የቀለም ማስተካከያ የለውም። ምልክቱን ካገኛችሁ በከፍተኛው መጠን ምስሉን አስቀምጡና ጊምፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ክፈቱት። ሦስቱን ቀለሞች ለያዩ፤ የነጣውንና እሸቱን በደንብ የሚለየው ብዙ ጊዜ ቀዩ ነው። ንጽጽሩን በጥቂቱ ጨምሩ። ብዙ ካጋነናችሁት የታመቀው ምስል በ8 በ8 ፒክስል ሳጥን ይሰበርና በሰሜን–ደቡብና በምሥራቅ–ምዕራብ ቀጥ ያሉ የውሸት መስመሮች ይወጣሉ። ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ፍጹም ትይዩ የሆነ «ግንብ» ካያችሁ ምስሉን አዙራችሁ እንደገና አስቀምጡት፤ አብሮ ካልዞረ የኮምፒዩተሩ ሥራ ነው።

በይፋት በኩል፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለው ተዳፋት እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞች ፍርስራሾች አሉ። እዚያ የድንጋዩ ግንብ ቆሞ ስላለ የሰብል ዘዴ አይሠራም፤ የሚፈለገው ጥላ ነው። ሳተላይቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሚያልፉ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። በታኅሣሥ እንኳ 50 ዲግሪ ያህል ነው፤ 1 ሜትር የሚቆም ካብ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ብቻ ይጥላል፤ ከሁለት ፒክስል አያልፍም። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ያሉትን፣ ቁጥቋጦው የደረቀባቸውን ምስሎች ብቻ ተጠቀሙ።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ በአማራጮች ገጽ የዲስክ ማከማቻውን ወደ ከፍተኛው 2 ጊጋባይት ከፍ አድርጉ። ደብረ ብርሃን ላይ ኔትወርክ ሳለ የምትሄዱበትን አካባቢ በሚፈለገው ቅርበት ቀስ ብላችሁ አስሱት፤ ያያችሁት ይቀመጥና ሞላሌ ወይም መሐል ሜዳ ላይ ያለ መስመር ይከፈታል። የስልኩና የድረ ገጹ ስሪትም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የድሮ ምስል ያሳያሉ፤ ለማስታወስ ይበቃሉ፣ ለመለካት ግን ኮምፒዩተሩ ይሻላል።

ቦታውን በ1:50,000 ካርታ ላይ ስታነጥፉ ተጠንቀቁ። የድሮዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መሠረት የተሠሩ ናቸው፤ ፕሮግራሙ የሚሰጠው ቁጥር በሌላ ነው። ሳይቀየር ከተነጠፈ 200 ሜትር ያህል ይስታል፤ ቅጥሩ ገደል ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ለመዝገብ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ መጠቆሚያ ቁጥር፣ ምልክቱ የታየባቸው ቀኖችና ያልታየባቸውም ቀኖች፣ ሰብሉ፣ አፈሩ፣ ቅርጹ፣ ርዝመቱ፣ የመግቢያው ክፍተት አቅጣጫ። በአንድ ቀን ብቻ የታየ «ጥርጣሬ» ይባል። በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ሰብል ሁለቴ የታየና ድንበር የተሻገረ «ሊሆን የሚችል» ይባል። ከዚያ በላይ ለመሄድ እግር ያስፈልጋል። ቀበሌውን አስፈቅዳችሁ፣ ባለማሳውንና የአካባቢውን አረጋውያን ጠይቁ፤ «እዚህ አውድማ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የሳምንት የስክሪን ሥራ ትጥላለች፤ ትጣል። ከታረሰ በኋላ የሸክላ ስብርባሪ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ተዉት። መቆፈር በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የተገኘ ነገርም ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይነገራል። የቦታውን ቁጥር በፌስቡክ መለጠፍ ደግሞ ለወርቅ ፈላጊ አካፋ ማቀበል ነው፤ ፋይሉን ስታጋሩ መጠቆሚያውን አውጥታችሁ አጋሩ።